ለሴት በአንድ ፔኒ፣ ለወንድ በነጻ

ካምደን ታውን ውስጥ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ከዋናው የገበያ ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዛሬ ቅዳሜና እሑድ መተላለፊያ የለውም። በ1900 (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ የፈረንጅ ነው) እዚያው አካባቢ አንድ የእንጨት ቤት ቆሞ ነበር። ሰው አይኖርበትም፣ ዕቃም አይሸጥበትም። የሴንት ፓንክራስ ሰበካ ምክር ቤት የሴቶች ሽንት ቤት ለመሥራት አስቦ፣ መንገድ ያጣብብ እንደሆነ ለማየት በልኩ ያስቆመው ናሙና ነው። የፈረስ ጋሪ ነጂዎች እየመጡ ይጋጩት ጀመር። አንዱ ገጭቶ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። ተቃዋሚዎቹም "ይኸው፣ አላልንም? ትራፊክ ያውካል" አሉ። ዕድሜ ልኩን በለንደን ጠባብ መንገድ ፈረስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ የቆመን ቤት አላየሁም ሲል እኔ አላምነውም። ለመግጨት የመጡ ነበሩ።

በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ጆርጅ በርናርድ ሾው የሚባል አባል ነበር። አዎ፣ ቴአትር ጸሐፊው። ዓለም በተውኔቱ ቢያውቀውም የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ስለ ቆሻሻ ማስወገጃና ስለ ግብር ሲከራከር ነው። ሾው ለሴቶቹ ሽንት ቤት ቆመ። ከፊቱ የተደረደረው ተቃውሞ ብዙ ዓይነት ነበር፦ የቤት ዋጋ ይወድቃል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጨዋ ሴት እንዲህ ያለውን ነገር መንገድ ላይ አትጠይቅም። የመጨረሻው ከሁሉም የጠነከረ ነው። ምክንያቱም የምትጠይቅ ሴት ከመጠየቋ የተነሣ ጨዋ አይደለችም፣ ጨዋ ካልሆነች ደግሞ አይሠራላትም። ከዚህ ክብ የምትወጣበት በር የላትም።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ተፈጸመ። ከ1894 ጀምሮ ሴቶች በለንደን የሰበካ ምክር ቤቶች ውስጥ መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ የተቀመጡም ነበሩ። በ1899 የወጣው የለንደን አስተዳደር ሕግ ግን ሰበካዎቹን ወደ ወረዳ ምክር ቤት ሲለውጥ ሴቶቹን ከወንበራቸው አስነሣቸው። ተመልሰው ለመወዳደር እስከ 1907 መጠበቅ ነበረባቸው። ስለዚህ የሴቶች ሽንት ቤት ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር በተጋጋለበት ሰሞን፣ ክርክሩ በሚካሄድበት አዳራሽ አንዲት ሴት እንኳ በአባልነት እንዳትቀመጥ በሕግ ተደነገገ። ሾው በ1909 ይህንኑ ታሪክ አንስቶ ጻፈ። ክርክሩ ቀላል ነው፦ ወንዶች ለብቻቸው በተቀመጡበት ሸንጎ ይህ ጉዳይ ያሳፍራቸዋል፣ ስለሚያሳፍራቸውም ይዘሉታል፣ ስለዚህ ሴቶች ገብተው ራሳቸው ይናገሩት። ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት ብዙ ታላላቅ ንግግሮች ተደርገዋል፤ እኔን የሚያሳምነኝ ግን ይሄ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ለንደን ስመጣ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ አንድ ትልቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሽንት ቤት ማጽዳት ነበር። ከበሩ ላይ የሚሽከረከር ብረት አለ። 30 ፔንስ ሲጥሉበት ይዞራል። ልጅ ያዘለች፣ ሁለት ሻንጣ የምትጎትት፣ እግሯ ያበጠ እርጉዝ፣ ሁሉም እዚያ ብረት ላይ ይጣበቃሉ። ሳንቲም የሌላት ዓይኔን ታየኛለች። አለቃዬ ዘወር ሲል "ግቢ እህቴ፣ ቶሎ በይ" እያልኩ የጎኑን በር እከፍት ነበር። ተቆጥቶኝ ያውቃል። እኔ ግን እናቴን አስባለሁ። መርካቶ የምትሄድ ቀን ከቤት ስትወጣ ቡና እንኳ አትቀምስም፤ ቢያስቸግረኝ የት እገባለሁ ነው ነገሩ። የለንደን ሴቶች በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንደዚሁ ነበሩ፤ የቤታቸው ርቀት መንገዳቸውን ይለካዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን "የሽንት ገመድ" ይሉታል። እንደ ታሰረች ፍየል፣ ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ትግጣለች።

ለንደን ከዚያ በፊት ዕድል አግኝታ ነበር። በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተዘጋጀው ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ ጆርጅ ጄኒንግስ የሚባል የቧንቧ ሰው በውሃ የሚታጠብ ሽንት ቤት አስገባ። ከ800 ሺህ በላይ ሰው አንዳንድ ፔኒ ከፍሎ ገባበት። እንግሊዞች ዛሬም ሽንት ቤት መሄድን "ፔኒ ማውጣት" ይሉታል። በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 1852፣ በፍሊት ስትሪት ለወንዶች፣ በቤድፎርድ ስትሪት ለሴቶች የሕዝብ ማረፊያ ክፍሎች ተከፈቱ። ብዙ አልቆዩም። ከዚያ በኋላ የወንዶቹ ቀስ በቀስ በየመንገዱ ተስፋፋ። የሴቶቹ ግን ማንም ሊጠራው የማይፈልግ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በ1857 የተቋቋመው የሴቶች የንጽሕና ማኅበር ጥያቄውን ይዞ ለዓመታት የሰበካዎችን በር አንኳኳ።

የሴቶቹ ሽንት ቤት ተሠርቶ ሲያልቅም ዋጋው ላይ ችግር ነበር። ወንድ ቆሞ የሚሸናበት ቦታ በነጻ ነው። ሴት ግን የምትገባው የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ፔኒ ትከፍላለች። ሾው ይህንን ነጥብ ደጋግሞ ያነሣል፦ ለአንዲት ደሃ አበባ ሻጭ ወይም ልብስ ሰፊ ፔኒ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ የተሠራላት በር ሁሉ የተዘጋ ያህል ነው። ልዩነቱም ልማድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1936 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ ራሱ ቁልጭ አድርጎ ጻፈው፦ ማዘጋጃ ቤቶች ለሽንት ቤት አገልግሎት ማስከፈል ይችላሉ፣ ከወንዶች የቁም መሽኛ በቀር። ሕግ ሆኖ ሲጻፍ እንዴት ያለ ነገር ነው! ስለ ሴት አንድ ቃል ሳይናገር ለሴት ብቻ የሚሆን ግብር ጣለ።

ባርባራ ካስል የብላክበርን የፓርላማ አባል ነበረች፤ ቆይታ በ1970 የእኩል ክፍያ ሕግን ያስወጣችው ሚኒስትር። ከዚያ ታላቅ ሥራዋ በፊት ግን ያን የሚሽከረከር ብረት ከሴቶች ሽንት ቤት ለማስነሣት ዘመቻ ይዛ ነበር። ያበጡ ሆዶችንና የገበያ ዘንቢሎችን ጉዳይ ፓርላማ ውስጥ አንሥታ ተናገረች። በ1963 ሕግ ወጥቶ ማዘጋጃ ቤቶች በሚያስተዳድሯቸው የሕዝብ ሽንት ቤቶች ብረቱ ተከለከለ። ማዘጋጃ ቤቶች በሚያስተዳድሯቸው ነው ያልኩት። ባቡር ጣቢያ የማዘጋጃ ቤት አይደለም፤ እኔ ሥራ በገባሁበት ዘመን ጣቢያው ላይ ብረቱ እንዳለ ነበር። ታላላቆቹን ጣቢያዎች የሚያስተዳድረው ኔትዎርክ ሬል ማስከፈሉን ያቆመው በ2019 ነው።

እስካሁን ያወራሁት ሴቷ የራሷ ቦታ ስለመሻቷ ነው። ታሪኩ ሌላ መልክም አለው፦ የሴት ቦታ ተብሎ የተሰጣት እስር የሆነባት ጊዜ።

ባቡሩን እንውሰድ። በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ባቡር ክፍሎቹ እርስ በርስ አይገናኙም ነበር፤ ባቡሩ ከተነሣ አብሮህ ከተቀመጠው ሰው ጋር ተዘግተህ ነው የምትሄደው። በ1875 ኮሎኔል ቫለንታይን ቤከር የሚባል ታዋቂ የጦር መኮንን አንዲት ወጣት ለብቻዋ አግኝቶ ጾታዊ ጥቃት አደረሰባት። ወጣቷ በሩን ከፍታ፣ ባቡሩ እየበረረ፣ ከውጭ መረገጫው ላይ ተንጠልጥላ ነው ያመለጠችው። ኮሎኔሉ የአንድ ዓመት እስርና የ500 ፓውንድ ቅጣት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ "ለሴቶች ብቻ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል ይብዛ የሚለው ጥያቄ ጠነከረ። ኩባንያዎቹ ጥቂት አስገቡ። ብዙ ሴቶች ግን አልገቡበትም። ለምን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም፦ ለሴት የተለየ ክፍል ካለ፣ ከዚያ ውጭ የተቀመጠችዋ ሴት የደረሰባት ሁሉ በራሷ ጥፋት ይሆናል። ክፍሎቹ እየተመናመኑ ሄደው በ1977 አከተሙ። በ2015 ጄረሚ ኮርቢን ለሌበር ፓርቲ መሪነት ሲወዳደር የሴቶች ብቻ ፉርጎ ሐሳብን ቢያነሣ፣ ከሁሉ በፊት የተቆጡት የገዛ ፓርቲው ሴቶች ነበሩ። "ወንዶቹን አስተካክል እንጂ እኛን አታግልል" አሉት።

ሁለተኛው ኤል ቪኖ ነው። ፍሊት ስትሪት ላይ ያለ የወይን ጠጅ ቤት ሲሆን የጋዜጠኛውና የጠበቃው መዋያ ነበር። ሴት መግባት ትችላለች። ግን ባንኮኒው ጋ ቆማ መጠጥ አታዝም፤ ከኋላ ወዳለው ክፍል ሄዳ ትቀመጥና አስተናጋጅ ያመጣላታል። ባለቤቶቹ ይህ ለሴት ክብር ነው ይሉ ነበር፤ ወንበርም አላት፣ አሳላፊም አላት፣ ምን ጎደለባት? ቴስ ጊል የምትባል ጠበቃና አና ኩት የምትባል ጋዜጠኛ ከሰሱ። መጀመሪያ ያየው ዳኛ ክሱን ውድቅ አደረገው። በ1982 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው። አንደኛው ዳኛ የጻፈው ነገር ደስ ይለኛል፦ ጋዜጠኞች ወሬ የሚለቅሙት ባንኮኒው ጋ ነው፤ ሴት ጋዜጠኛ ከኋላ ክፍል ተቀምጣ ከዚያ ወሬ ርቃለች። ወንበሩ እዳ እንጂ ስጦታ እንዳልሆነ የገባው ዳኛ ነበር። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት፣ ወንዶች ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶች ጓዳ ሲሆኑ፣ የርስቱ ጉዳይ የሚያልቀው ድንኳን ውስጥ መሆኑን ያየ ሰው ይህን ፍርድ ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገውም።

ጊልና ኩት የከሰሱበት ሕግ የጾታ መድልዎ ሕግ ነው። በ1975 ጸድቆ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። አገልግሎት የሚሰጥ ሰው በጾታ ምክንያት እንዳያበላልጥ አዘዘ። ነገር ግን እንዲህ ብሎ ቢቀር የሴቶች መታጠቢያ፣ የሴቶች መኝታ ክፍል፣ የሆስፒታል ክፍል ሁሉ ሕገ ወጥ በሆነ ነበር። ስለዚህ ልዩ ሁኔታዎችን አስቀመጠ። ከነዚህ አንዱ፣ ተጠቃሚዋ ወንድ በመገኘቱ ከባድ ኀፍረት ሊሰማት የሚችልበት ቦታ ለሴቶች ብቻ ሊሆን ይችላል ይላል። ኀፍረት! በ1900 ካምደን ላይ ሽንት ቤቱ እንዳይሠራ የተከራከሩበት ኀፍረት፣ ከ75 ዓመት በኋላ በሩን ለብቻዋ የምታቆይበት የሕግ ቃል ሆኖ ተመለሰ። ያን ጊዜ ኀፍረቷን ለእሷ የሚወስኑላት ወንዶች ነበሩ። በ1975 ግን የሷ ኀፍረት የሷ ሆኖ ተቆጠረ፤ ትልቁ ለውጥ ይሄ ይመስለኛል።

ከዚህ ሕግ በፊት፣ በ1971፣ በምዕራብ ለንደን ቺዝዊክ ውስጥ ኤሪን ፒዚ ባሎቻቸው ለሚደበድቧቸው ሴቶች መጠለያ ከፍታ ነበር። ልጆቻቸውን ይዘው የሚሸሹ ሴቶች አንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው አደሩባት።  ኤል ቪኖና ቺዝዊክ ሁለቱም ሴትን ከወንድ ለይተዋል፤ ልዩነቱን ለማየት ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ በቂ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በ1985 በደቡብ እንግሊዝ ኢስትሊ ከተማ አንድ የ61 ዓመት ሰውና የ61 ዓመት ሚስቱ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ሄዱ። እሷ በነጻ ገባች፤ እሱ 75 ፔንስ ተጠየቀ። መዋኛው ለጡረተኛ ነጻ ነው፣ ጡረታ ደግሞ ለሴት በ60፣ ለወንድ በ65 ነበር። ባልየው ከሰሰ። ክርክሩ የዚያን ጊዜው የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው ሃውስ ኦፍ ሎርድስ ደረሰ፤ በ1990 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ባልየው አሸነፈ። ማዘጋጃ ቤቱ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፣ አዛውንት ሊረዳ ነው ያሰበው። ዳኞቹ ግን "ሐሳብህን አንመረምርም፣ ሴት ቢሆን ኖሮ ይከፍል ነበር ወይ ነው ጥያቄው" አሉ። ይህ ፍርድ ዛሬም የእንግሊዝ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። ፍርዱን አልቃወምም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ማዘጋጃ ቤቱ ፍርዱን የሚፈጽመው ባልየውን በነጻ በማስገባት ብቻ አይደለም፤ ሚስትየዋንም በማስከፈል ይፈጽመዋል። እኩል ናችሁ፣ ሁለታችሁም ክፈሉ።

ይሄው ነገር በሽንት ቤቱም ደረሰ። ያ የ1936ቱ "ከወንዶች የቁም መሽኛ በቀር" የሚለው ሐረግ እስከ 2008 ድረስ በሕጉ ውስጥ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ወንድና ሴት እኩል ይታዩ ብሎ ሲያዝ፣ የእንግሊዝ መንግሥት መዝገቡን ፈትሾ ይህችን ሐረግ አገኛት። ሰረዛት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት የቁም መሽኛንም ማስከፈል ይችላል። ሾው ፔኒውን ለሴቶች አንሱላቸው ብሎ በጮኸ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እኩልነት የመጣው ፔኒውን በወንዶቹም ላይ በመፍቀድ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የመድልዎ ሕግ ጠባዩ ይህ ነው፦ "ከሰጠህ እኩል ስጥ" ይላል። "ስጥ" የሚል ቃል ግን የለውም። ሁለቱንም መከልከል እኩልነት ነው። ሁለቱንም መዝጋትም እኩልነት ነው።

የተዘጋ ደግሞ ሞልቷል። በለንደን ከመንገድ በታች ተቆፍረው የተሠሩት፣ በነጭ ሸክላ የተለበጡት የቪክቶሪያና የኤድዋርድ ዘመን ሽንት ቤቶች ዛሬ ብዙዎቹ ቡና ቤትና መጠጥ ቤት ሆነዋል። አንድ ጊዜ ጓደኞቼ ወደ አንዱ ወሰዱኝ። የወንዶቹ ሸክላ ሳይነሣ ጠረጴዛ ሆኖ ቡና ይቀርብበታል። ቡናው መጥፎ አልነበረም፤ ዋጋውን ግን አልናገርም።

የ1975ቱን ሕግ ከሌሎቹ ጋር አጣምሮ የተካው የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ነው። ይህ ሕግ "ኀፍረት" የሚለውን ቃል ትቶ ሁኔታዎቹን ዘርዘር አድርጎ አስቀመጠ። ለአንድ ጾታ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት የሚፈቀደው፣ ለምሳሌ፣ ለሁለቱ በአንድነት ቢሰጥ በበቂ ሁኔታ የማይሠራ ሲሆን፣ ወይም አንዲት ሴት ወንድ በመገኘቱ ቅር ብትሰኝ ምክንያታዊ ሲሆን ነው። ከዚህም በላይ፣ ዓላማው ትክክለኛ፣ መንገዱም ለዓላማው የተመጠነ መሆን አለበት። የግል ማኅበራት ደግሞ በሌላ አንቀጽ የወንድ ብቻ ወይም የሴት ብቻ መሆን ይችላሉ። በ1831 የተመሠረተው ጋሪክ ክለብ፣ የዳኛውና የተዋናዩ ክለብ፣ በዚህ አንቀጽ ተጠልሎ እስከ ግንቦት 2024 ለሴት አባልነት ሳይፈቅድ ኖሯል። በመጨረሻ በሩን የከፈቱለት የሕግ ሰዎች ከእኩልነት ሕጉ ጋር አልተጣሉም፤ በ1925 የወጣ የንብረት ሕግ ውስጥ "እሱ" ሲባል "እሷ"ንም ይጨምራል የሚል አንቀጽ አገኙና የክለቡን ደንብ በዚያ አነበቡት። ከ193 ዓመት በኋላ ደንቡ ሴቶችን ከልክሎ እንደማያውቅ ተገለጠላቸው!

በሕጉ የተፈቀደው የሴቶች ቦታ ምን ይመስላል የሚል ካለ ወደ ሃምስቴድ ሂዝ መናፈሻ ይሂድ። ኬንዉድ የሴቶች ኩሬ ከ1925 ጀምሮ እዚያ አለ። የወንዶቹ ኩሬ በ1893 የተከፈተ ስለሆነ ሴቶቹ 32 ዓመት ጠብቀዋል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ላይ ወንዶች ከዚህ እንዳያልፉ የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ዋናተኛ ጠባቂዎቹም ሴቶች ናቸው። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ዳክዬ ከጎንሽ ይዋኛል፣ በበጋም ቢሆን ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። እዚያ የማያቸው ሴቶች ብዙ ዓይነት ናቸው፦ ጡት ያስቆረጡ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሒጃብ የሚያደርጉ፣ ከእኛም ሰዎች አንዳንድ። ጸበል ቦታ ሴቱ ለብቻ ወንዱ ለብቻ ሲጠመቅ ያደግሁ ስለሆነ ለእኔ አዲስ አልሆነብኝም። ሂዙን ከ1989 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የለንደን ሲቲ ኮርፖሬሽን በ2019 ባወጣው መመሪያ ትራንስ ሴቶችም በኩሬው መዋኘት እንደሚችሉ አረጋገጠ። ከዋናተኞቹ የደገፉት አሉ፤ የተቃወሙትም አሉ።

ይህ ጠብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በኩሬው ምክንያት አይደለም። በ2018 የስኮትላንድ ፓርላማ በመንግሥት ቦርዶች ላይ የሴቶችን ቁጥር ለማሳደግ ሕግ አወጣ። በሕጉ ላይ "ሴት" ማን ናት የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ፎር ዊሜን ስኮትላንድ የሚባል ቡድን ከሰሰ። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ ለንደን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሚያዝያ 16 ቀን 2025 አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። በ2010ሩ ሕግ "ሴት"ና "ጾታ" ማለት ሥነ ሕይወታዊ ጾታ ነው፤ በ2004ቱ ሕግ መሠረት የጾታ እውቅና ምስክር ወረቀት ያገኘች ትራንስ ሴትም ለዚህ ሕግ ሲባል እንደ ሴት አትቆጠርም። ዳኞቹ ወዲያውኑ ሌላ ነገር አስከተሉ፦ ትራንስ ሰዎች ጾታቸውን በመቀየራቸው ምክንያት እንዳይበደሉ ሕጉ እንደ በፊቱ ይጠብቃቸዋል፤ ውሳኔው የአንዱ ወገን ድል በሌላው ላይ ተደርጎ እንዳይወሰድም አሳሰቡ። ከፍርድ ቤቱ ውጭ ግን ሻምፓኝ የከፈቱም፣ ያለቀሱም ነበሩ።

እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት የጽዳት ሠራተኛ አስተያየት ነው። የሴቶች በር ለሴቶች እንዲቆይ የሚፈልጉትን ሴቶች ፍርሃት አልንቅም። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ መጠለያ የገባች፣ ሌሊት ባቡር ጣቢያ ብቻዋን የቆየች ሴት ፍርሃቷን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ትራንስ ሴትም ሽንቷ ይመጣል። ወደ ወንዶቹ ብትሄድ የሚደርስባትን አይቻለሁ፤ በሥራ ላይ ሆኜ አንዷን ተከትለው የገቡ ሰካራሞች ነበሩ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ነው የገባሁት። ቪክቶሪያ ዘመን ሴቶቹን ከቤት ያላራቃቸው ገመድ አሁን እሷን ያስራታል። ሁለቱንም የሚያስታግሥ ነገር ሩቅ አይደለም፦ ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳ ያለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መታጠቢያው ውስጡ ያለ አንድ ክፍል። በሥራ ቦታ ይህ ቀድሞ የተፈቀደ ነው። በ1992 የወጣው የሥራ ቦታ ደንብ ለወንድና ለሴት የተለያየ ሽንት ቤት ይኑር ይላል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ከውስጥ የሚቆለፍ ከሆነ ግን መለየቱ አያስፈልግም ይላል። በ1893 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴት የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች፣ ሜይ ኤብራሃምና ሜሪ ፓተርሰን፣ ሲሾሙ ሠራተኛዋ ከወንዶች ተለይታ የምትገባበት ቦታ እንኳ የሌላት ፋብሪካ ሞልቶ ነበርና፣ ያ ደንብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ያልሆኑ ሕንፃዎች በመሠረቱ የሴትና የወንድ የተለየ ሽንት ቤት እንዲኖራቸው የግንባታ ደንብ ያዛል፤ ቦታ ከፈቀደ ለሁሉም የሚሆን ክፍል መጨመርም ይቻላል።

ክፍል ግን ገንዘብ ነው። ቧንቧ ነው፣ ቦታ ነው፣ በየቀኑ የምታጸዳ ሴት ናት። በየጋዜጣው ማን ይግባ ማን አይግባ ሲባል ስሰማ፣ ወዴት ነው የሚገባው እላለሁ። ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሽንት ቤት የማዘጋጀት ግዴታ አለበት፤ አዲስ ሕንፃ የሚሠራም ደንብ አለበት። መንገድ ላይ ላለች ሴት ግን፣ ገበያ ለወጣች፣ አውቶቡስ ለምትጠብቅ፣ ልጅ ለምታንሸራሽር፣ አንድም ሕግ የለም። የ1936ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ማዘጋጃ ቤት ሽንት ቤት መሥራት "ይችላል" ነው የሚለው። ከመቶ ዓመት በፊትም "ይችላል" ነበር፤ ዛሬም "ይችላል" ነው። የሚችል ደግሞ፣ በጀት ሲጠብበት፣ አለመቻልም ይችላል። የእኩልነት ሕጉ ጥበቃ የሚጀምረው በሩ ከተሠራ በኋላ ነው።

ከዚህ ትንሽ ፈቀቅ ያለችው ዌልስ ናት። በ2017 ባወጣችው የሕዝብ ጤና ሕግ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በግዛቱ ሕዝቡ ምን ያህል ሽንት ቤት እንደሚያስፈልገው አጥንቶ፣ ፍላጎቱ እንዴት እንደሚሟላ የሚያሳይ ስልት ጽፎ እንዲያወጣ አስገደደች።  በስልቱ ውስጥ የተጻፈውን እንዲሠሩ ግን ሕጉ አያስገድዳቸውም።